ማልሱክ የእህቷን ልብ ያየችበት ቀን

ታክ ማልሱክን የማውቃት ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል አብረን ስለሠራን ነው። እኔ ነርስ ነኝ። መርፌ እሰካለሁ፣ የልብ ምት መከታተያውን ገመድ ደረት ላይ እለጥፋለሁ፣ የፈራውን ሰው አረጋጋለሁ። እሷ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጣ የሲቲ ስካን ማሽኑን ትይዛለች። ከተማችን ሞክፖ የደቡብ ኮሪያ ወደብ በመሆኗ ወደኛ ሆስፒታል ከሚመጣው ሰው ግማሹ ከየደሴቱ በጀልባ የሚመጣ ነው። ብዙዎቹ የልባቸው ምት የተዛባባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።

እነዚህን ሰዎች የሚያክመው ዶክተር ፒዮ ነው። በብሽሽታቸው ቀጭን ሽቦ አስገብቶ፣ ልባቸው ድረስ ወስዶ፣ ምቱን የሚያውከውን ቦታ ይተኩሰዋል። ከዚያ በፊት ግን የእያንዳንዱን ሰው ልብ አፈጣጠር በምስል ማየት አለበት። ከሳንባ ደም የሚያመጡት ሥሮች ስንት እንደሆኑ፣ በየት በኩል እንደሚገቡ፣ የልቡ ክፍል ምን ያህል እንደሰፋ፣ የረጋ ደም እንዳለና እንደሌለ። ይህን የምታሳየው ማልሱክ ናት። ዶክተር ፒዮ ክፉ ጠባይ ያለበት ሰው ነው፤ የሷ ምስል ሲደርሰው ግን አንድም ቀን ሲያጉረመርም አልሰማሁም።

ማሽኑ የራሱ ድምፅ አለው። የአንዲት የሴኡል ሴት ድምፅ ተቀድቶበት «አየር ይሳቡ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ይላል። ማልሱክ ያንን አጥፍታ በራሷ አፍ ነበር የምትናገረው።

«ይቺ ሴትዮ በሽተኛ አይታ አታውቅም» ትለኝ ነበር። «የሰማንያ ዓመት አሮጊቷንም የሃያ ዓመት ጎረምሳውንም እኩል ነው የምታጣድፈው።»

አጭር ናት፤ ጸጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ ትቆረጣለች፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የሚጠይቃት ሰው ሲበዛ «ተራዬ አልደረሰም፤ ስሜ ሲጠራ እገባለሁ» ብላ ትገላግለዋለች። ምሳዋን ሁልጊዜ ብቻዋን፣ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነው የምትበላው። ቁጭ ብለሽ ብዪ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ።

ስለ ቤተሰቧ ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። አባቷን ባሕር የወሰደው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር። እናቷ በተወለዱበት ደሴት ላይ ጨው ሲዝቁ ይውሉ ነበር። ያሳደጓት አሥራ ሁለት ዓመት የሚበልጧት እህቷ ጆምኔ ናቸው። ጆምኔ ትምህርታቸውን አቋርጠው ዓሣ ማድረቂያ ገቡ፤ ታናሻቸውን አብልተው፣ አልብሰው፣ ጸጉሯን ሠርተው ትምህርት ቤት ሰደዷት። ማልሱክ የራጅ ሙያ ለመማር ወደ ጓንግጁ ከተማ ስትሄድ ሻንጣዋን ተሸክመው አውቶቡስ ላይ ያሳፈሯት ጆምኔ ነበሩ። ያን ዕለት አንዲት ሴት ማልሱክን «ወንበሬን ወሰደችብኝ» ስትል፣ ጆምኔ የሴትዮዋን ቦርሳ ይዘው ሴትዮዋን ከአውቶቡሱ እንዳወረዷት ማልሱክ አንዴ በሳቅ ነግራኛለች። ከዚያ ግን ሳቋን ወዲያው ዋጠችው። ምክንያቱም ይህን በነገረችኝ ጊዜ ሁለቱ ተኳርፈው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ከአሥር ዓመት በፊት ሞቱ። በመጨረሻ ያስታመሟቸው ጆምኔ ናቸው፤ ያረፉትም በጆምኔ ቤት ነው። ያን ዕለት ማልሱክ ሥራ ላይ ነበረች። እናቷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማጣጣር ጀምረው ስድስት ሰዓት ላይ አረፉ። ስልኩ የተደወለላት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ከሆስፒታላችን እስከ እህቷ ቤት በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ማልሱክ ጮኸች። «እማዬ የእኔም እናት አልነበረች? ሩብ ሰዓት መንገድ ነው! ለምን አልደወልሽልኝም?»

ጆምኔ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሴት ናቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «ሂጂና ከማሽንሽ ጋር ኑሪ» አሏት። «ለእሱ እንደሆነ ጊዜ አታጪም።»

በቃ። በአንድ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ጆምኔ በወደቡ ገበያ ደረቅ ዓሣ ይሸጣሉ፣ ማልሱክ ከኛ ጋር ናት፤ አንዷ ሌላዋን አልጠራችም። ለእናታቸው ሙት ዓመት ማልሱክ ለብቻዋ ቤቷ ውስጥ ትንሽ ገበታ ትዘረጋ ነበር። በማግስቱ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ አያለሁ፤ አልጠይቃትም።

አምና በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዕለቱን ስም ዝርዝር ይዤ ገባሁ። ማልሱክ መነጽሯን አድርጋ ከላይ ወደ ታች አነበበችና አምስተኛው ላይ ቆመች። ጣቷ ከወረቀቱ ላይ አልነሳ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ታክ ጆምኔ፣ ሰባ ዓመት፤ የልብ ምት መዛባት፤ ሐሙስ በሽቦ ይታከማሉ።

«እትዬ ማልሱክ፣ ከላይኛው ክፍል ሌላ ሰው ልጥራ?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ምን ያውቃል» አለች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ጆምኔ የመጡት ከባለቤታቸው ከጋሽ ቦንግሱ ጋር ነው። ገና ከኮሪደሩ ድምፃቸው ይሰማል። «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል፣ ልቤ ነው የታመመው እንጂ ጆሮዬ አይደለም!» ይላሉ። ወፍራም፣ ቀይ፣ እጃቸው በጨውና በብርድ የተሰነጣጠቀ ሴት ናቸው። ልብስ ሊቀይሩ ሲገቡ ጋሽ ቦንግሱ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ የሚስቴ እህት እዚህ አይደለች የምትሠራው?»

«አዎ፣ አለች።»

«በዪ አታጋልጪኝ። ጡረታ ወጥታለች ብዬ ዋሽቼ ነው ያመጣኋት። ያለዚያ እስከ ጓንግጁ ልትሄድ ነበር እኮ! ደረጃ መውጣት አቅቷት፣ ለሁለት ወር ደረቷን ይዛ ቁጭ ብላ ያደረች ሴት!» ዓይናቸው እንባ አዝሏል። «እህቷ ራሷ ምስሉን ብታነሳላት ይሻላል ብዬ ነው።»

ጆምኔን አልጋው ላይ አስተኛኋቸው። ገመዶቹን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ፤ መርፌውን ክንዳቸው ላይ ሰካሁ። ማልሱክን ማየት አይችሉም፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲያ ናት፣ እሳቸው ደግሞ ጣሪያውን ነው የሚያዩት። የልብ ምታቸው መቶ ሃያ ነበር፤ እሱም አንዴ ሮጥ፣ አንዴ ቆም ይላል። እንዲህ የሚሮጥ ልብ በምስል ላይ ይደበዝዛል፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ፎቶ ማለት ነው። ዶክተሩ ያዘዘውን ምት የሚያረጋጋ ኪኒን ሰጥቻቸው መጠበቂያው ክፍል አወጣኋቸውና አንድ ሰዓት ጠበቅን። በዚያ ሰዓት ውስጥ ማልሱክ የሁለት ሰዎች ምስል አነሳች፤ ከወትሮው አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ሻይዋን ግን አልነካችውም።

መልሼ አልጋው ላይ ሳስተኛቸው ኪኒኑ ምታቸውን መቶ አራት ላይ አድርሶታል። ከዚያ በታች አልወርድ አለ።

«እንሞክረው» አለች ማልሱክ፤ የድምፅ ማጉያውን ተጫነች። «አሁን ልምምድ እናደርጋለን። አየር ይሳቡ። ትንፋሽዎን ይያዙ።»

የልብ ምቱን በሚያሳየው ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር መቶ ሠላሳ ስድስት ገባ። ጆምኔ ትንፋሻቸውን አልያዙም።

«ማነው የሚያወራው?» አሉ ወደ ጣሪያው።

ማልሱክ ወደ ማጉያው ጠጋ አለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው።

«ማነው ያልኩት? ነርሷ! ማናት ይቺ?»

እኔ ምን ልበል? ማልሱክ ተጫነችው። «እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ያ ውሸታም! ጡረታ ወጥታለች ብሎኝ! ቤት እንገናኛለን!»

«ሌላ ሰው እንዲያነሳሽ ትፈልጊያለሽ?»

በመስታወቱ ውስጥ የጆምኔ ጣቶች አንሶላውን ሲጨብጡ፣ ሲለቁ አያለሁ። ከዚያ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ሌላው ሰው ካንቺ ይሻላል?» አሉ።

«አይሻልም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ማልሱክ ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ፣ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ ሥራዋን አቋርጣ ስትገባ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ገባችና አልጋው አጠገብ ቆመች፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ምን እንደምትል የምታውቅ አልመሰለኝም። የእህቷን እጅ አነሣችና በሁለት እጇ ማሻሸት ጀመረች።

«በረዶ ሆነሻል» አለች።

«ክፍልሽ ነው በረዶው። ሰውን እንደ ዓሣ ታቀዘቅዙታላችሁ እንዴ?»

«ማሽኑ ሙቀት አይወድም።»

«አሁንም ለማሽኑ ነው የምታዝኚው።» ጆምኔ ይህን ይበሉ እንጂ እጃቸውን አልነጠቁም። ቀጥሎ፣ እህታቸውን ሳያዩ፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ እንደተከሉ፣ «እማዬ ናት አትደውዪ ያለችኝ» አሉ።

ማልሱክ ማሻሸቷን አቆመች።

«ስልኩን ሁለቴ አነሣሁ፤ ሁለቴ እጄን ያዘችኝ። ‹ሥራ ላይ ናት። የሰው ነፍስ በእጇ ነው፤ ብትደነግጥ ትሳሳታለች። ስትጨርስ ንገሪያት› አለችኝ። ድምጿ አልወጣ ብሏት ሦስቴ ነው የደገመችው። የምትሞት እናት እንዲህ ስትል ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ስል ጮህሽብኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ፣ እትዬ!»

«አንቺስ ጠየቅሽኝ?»

የማልሱክ እንባ መነጽሯ ላይ ተንጠባጠበ። ጆምኔ ነጻ በሆነው እጃቸው ሊጠርጉላት ሲነሡ የመርፌው ቱቦ ተሳበ። እኔ «ኧረ እትዬ፣ ክንድዎን አያንቀሳቅሱ!» ብዬ ጮህኩ። እዚያው ሁለቱም ሳቁ። እያለቀሱ ነበር የሳቁት። ዘወር ብዬ ሰሌዳውን ሳይ ዘጠና አንድ ይላል። ምቱ አሁንም ሥርዓት የለውም፤ ሩጫው ግን በርዷል።

«እትዬ ማልሱክ፣ አሁን!» አልኳት።

እሷም ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ደሙን በምስሉ ላይ የሚያሳየውን ቀለም በመርፌው ላስገባ ስል ለጆምኔ ሰውነትዎ ይሞቃል፣ አይደንግጡ አልኳቸው። ሲገባ «ውይ! ሽንቴን የለቀቅሁ መሰለኝ! ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ስም ያለው ሕክምና?» አሉ። ማልሱክ የድምፅ ማጉያውን ተጫነች። ድምጿ ትንሽ ሻክሯል።

«አየር ሳቢ፣ እትዬ። ያዢው። ያዢው... በቃ፣ ተንፍሺ።»

አልጋው ወደ ቀለበቱ ገብቶ ወጣ። ማልሱክ አጠገብ ቆሜ ሳይ ምስሉ ፊቷ ባለው ሰሌዳ ላይ መጣ። ጥርት ያለ ነበር። ቀለሙ የደረሰበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ማልሱክ ምስሎቹን እያገላበጠች ስትሄድ አንዱ ላይ እጇ ቆመ።

በግራ በኩል፣ ከላይኛው የልብ ክፍል ጎን፣ አውራ ጣት የምታክል ኪስ አለች። ምቱ ሲዛባ ደም እዚያ ውስጥ ይዘገያል፤ ከዘገየም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ሰውን ሽባ ያደርጋል፣ ወይም ይገድላል። የጆምኔ ኪስ ጫፍ ጥቁር ነበር። ቀለም አልገባበትም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ብዙ አይቻለሁ። ማልሱክን አየኋት።

«የረጋ ደም ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ወይም ደሙ ዘግይቶ ነው። አሁን አይታወቅም።» ዓይኗን ከሰዓቱ ላይ አልነቀለችም። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ቆይቶ ያው ቦታ እንደገና ይነሣል። የዘገየ ደም ከሆነ ቀለሙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይደርስለታል። የረጋ ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ የሐሙሱም ሕክምና ይሰረዛል።

ጆምኔ መነሣት አማራቸው። «ጨረስን አይደል? ወገቤ ደከመ።»

«ትንሽ ቆዪልኝ፣ እትዬ። አንዴ ልድገም።»

«አበላሸሽው?»

«አላበላሸሁም። የሚደርስ ነገር አለ፤ እሱን እየጠበቅሁ ነው።»

«ሩዝ ነው የጣድሽው?»

«አዎ፣ ሩዝ ነው። ክዳኑን አታስከፍቺኝ።»

እኔ ያችን ደቂቃ ከግማሽ አልረሳትም። ማልሱክ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ ትቁጠር ትጸልይ አላወቅሁም። ከዚያ «አየር ሳቢ... ያዢው...» አለች። ድምጿ ላይ ምንም አይታወቅም ነበር። እንዴት እንደቻለችው አላውቅም። «ተንፍሺ።»

ምስሉ መጣ። ኪሷ እስከ ጫፏ ድረስ ሞልታ፣ ነጭ ሆና ታየች።

ማልሱክ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ጀርባዋን ደባበስኳት። በማጉያው ውስጥ የጆምኔ ድምፅ መጣ። «ማልሱክ! ሩዝሽ በሰለ ወይስ እዚሁ ልደር?»

ዶክተር ፒዮ ከሰዓት በኋላ ምስሉን ሲያይ ሌላም ነገር አገኘ። ብዙ ሰው ከሳንባ ወደ ልብ የሚገቡ አራት ሥሮች አሉት፣ ከየጎኑ ሁለት ሁለት። ጆምኔ በቀኝ በኩል ሦስት ነበሯቸው፤ አምስተኛዋ ቀጭን ናት። «ይህችን ሳላውቅ ገብቼ ቢሆን ሳትተኮስ ቀርታ የምትረብሸኝ እሷ ነበረች» አለ። ቀጥሎ ማልሱክን ቀና ብሎ አያት። «እህትሽ ናቸው አሉ?»

«አዎ።»

«ምነው እንደሌላው ሰው አልሆኑ?» አለ። ዶክተር ፒዮ ሲቀልድ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሕክምናው ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደ። ማልሱክ ፈቃድ አውጥታ ከጋሽ ቦንግሱ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ቦንግሱ ሲጨነቁ ወሬ ያበዛሉ፤ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ ሙሉውን አወሩላት። ጆምኔ ሲወጡ ምታቸው እንደ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተረበሸ፤ አንደኛውን ጊዜ ማልሱክ የቤት ጫማዋን እንዳደረገች በታክሲ ሮጣ ሄዳለች። ዶክተሩ ቁስሉ እስኪድን የሚጠበቅ ነው አለ፤ እውነቱን ነው፣ በረደ። ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን ግን ጆምኔ እስከ ዛሬ ይውጣሉ፤ እየተሳደቡ ይውጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ደረቅ ዓሣ ደረቅ ዓሣ ይሸታል። ጆምኔ በየሳምንቱ ይልኩልናል። ማልሱክም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ እህቷን ታግዛለች። መሸጥ አትችልም፤ ለገዢው የትኛው ዓሣ እንደሰነበተ ትናገራለች። ጆምኔ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ የተቀመጥሽው ልትመረምሪያቸው ነው?» እያሉ ያባርሯታል፤ ሰኞ ደውለው ደግሞ ቅዳሜ መቼ ትመጪያለሽ ይላሉ።

በዚህ ግንቦት የእናታቸውን መቃብር ሣር ለማጨድ ወደ ደሴቱ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። ጆምኔ ማጭዱን ከለከልናቸው፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው እኛን ማዘዝ ሆነ ሥራቸው። «ከሥሩ! ከሥሩ እጨጂው፣ ጢም ነው እንዴ የምትላጪው?» ይሉኛል። ስንጨርስ ሦስታችን ተቀምጠን በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ኪምቺ የምንለውን በበርበሬ የኮመጠጠ ጎመን በላን። ማልሱክ እግሯን ዘርግታ ነበር የበላችው።

ጆምኔ ድንገት «ለመሆኑ ልቤ ምን ይመስላል?» አሏት።

«የሰው ልብ ይመስላላ።»

«አታላግጪብኝ። ቁጭ ብለሽ ስታዪው አልነበር? ንገሪኝ።»

ማልሱክ ማኘኳን አቁማ አሰበች። «የላይኛው ክፍል ሰፍቷል» አለች። «ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ሲታመም ነው እንዲህ የሚለጠጠው።»

«በሽታ አይደለም» አሉ ጆምኔ ጉርሻቸውን እየጠቀለሉ። «አንቺን አራት ዓመት በጀርባዬ አዝዬ ነው የተለጠጠው። ምን የመሰልሽ ድንጋይ ነበርሽ መሰለሽ? ስትተኚ ደግሞ እጥፍ ትከብጂ ነበር።»

ጉርሻውን ማልሱክ አፍ ውስጥ ከተቱት። እሷ አፏ ሞልቶ መመለስ አልቻለችም፤ እየሳቀች ራሷን ነቀነቀች። ጀልባው ከታች ሁለቴ ጮኸ። ዕቃችንን ለቃቅመን ቁልቁለቱን ጀመርን፤ ጆምኔ ከፊት፣ «ኧረ ፍጠኑ እናንተ ልጆች» እያሉ።